መስታወቱ ይቆይ፣ ሽቦው ይቀየር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ከጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያ ተንጠልጣይ የመስታወት መብራት እየገዙ ቤታቸው ለሚሰቅሉ ወይም ወደ አገር ቤት ለሚልኩ አንባቢዎቻችሁ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1970ዎቹ ድረስ በአፍ እየተነፉ የተሠሩት መብራቶች ዛሬም በየገበያው ይገኛሉ (በደብዳቤዬ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በግዢውም ሆነ በአሰቃቀሉ ላይ ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው ሻጩ «የሙራኖ ነው» (በመስታወት ሥራዋ የታወቀችው የጣሊያን ደሴት ማለቱ ነው) ሲል አምኖ መግዛት ነው። ሁለተኛው ከዚያ የከፋ ነው፤ መብራቱን ከነአሮጌ ሽቦው ኮርኒስ ላይ ይሰቅሉታል። መስታወቱ በአግባቡ ከተያዘ መቶ ዓመትም ይኖራል፤ በውስጡ ያለው ሽቦ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል።

ከሠሪዎቹ ልጀምር። ጀርመን ውስጥ የመብራት ሠሪ ሲባል ሁለት ዓይነት ድርጅት ነው። አንዱ እቶን አለው፤ መስታወቱን ራሱ አቅልጦ ይነፋል። ሌላው መስታወቱን ከእነዚህ ገዝቶ ብረቱን፣ ሽቦውንና የአምፖል መያዣውን ገጥሞ ይሸጣል። የገጣጣሚዎቹ ዋና ከተማ ኔሃይም ነበረች። ከላምባ ፋኖስ ዘመን ጀምሮ የመብራት ብረታ ብረት ስትሠራ የኖረች ናት፤ ከ1975 ወዲህ የአርንስበርግ ከተማ አካል ሆናለች። ካይዘር ሎይሽተን የተባለው የመብራት ሠሪ ስም ከዚያ የመጣ ነው። ስለዚህ በአምፖል መያዣው ላይ የምታዩት ስም መስታወቱን የነፋው ሰው አሠሪ ላይሆን ይችላል። አንዳንዴም ስሙ የመያዣው ፋብሪካ ብቻ ነው፤ ሻጮች ግን እሱን አይተው የመብራቱ ሠሪ አድርገው ይጽፉታል።

እቶን ከነበራቸው መካከል ሁለቱን ማወቅ ይበቃል ባይ ነኝ። የመጀመሪያው ፓይል ኡንድ ፑትስለር ነው። ፓይል በ1903 በዱረን፣ በኮሎኝና በአኽን መካከል ባለች ከተማ ተቋቋመ። ዱረን በኖቬምበር 16 ቀን 1944 በአየር ድብደባ ከሞላ ጎደል ጠፋች። ፑትስለር ደግሞ በናይሰ ወንዝ ምሥራቃዊ ዳርቻ በፔንትሲግ የነበረ ፋብሪካ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ ቦታው ለፖላንድ ስለ ሆነ ባለቤቶቹ ያላቸውን አጡ። ከተማው የፈረሰበትና አገሩ የተወሰደበት ተቀናጅተው ዱረን ላይ እንደገና እቶን አነደዱ። በ1924 ባውሃውስ በተባለው የጀርመን የንድፍ ትምህርት ቤት ውስጥ የታወቀውን የጠረጴዛ መብራት የነደፈው ቪልሄልም ቫገንፌልድ በ1950ዎቹ ለዚህ ፋብሪካ ተንጠልጣይ መብራቶችን ነድፏል፤ የሙኒኩ መምህር አሎይስ ጋንግኮፍነርም እንዲሁ።

ሁለተኛው በላን ወንዝ ዳር ባለችው በሊምቡርግ በ1947 የተቋቋመው ግላስሁተ ሊምቡርግ ነው። ወፍራም፣ በውስጡ የአየር አረፋ ያለበት ወይም በረዶ የመሰለ መስታወት ካያችሁ ብዙ ጊዜ ከዚህ ቤት ነው። ፊንላንዳዊቷ ሄለና ቲኔል በ1970ዎቹ የነደፈቻቸው መብራቶቹ ዛሬ በጣም ይፈለጋሉ። ከሊምቡርግ አጠገብ ባለችው በሃዳማር በ1949 የመስታወት ሙያ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ራይንባኽ ላይ ሌላ ተከፍቶ ነበር። ሁለቱንም ያቆማቸው ከቦሄሚያ፣ ከዛሬዋ ቼክ፣ ተፈናቅለው የመጡት የመስታወት ባለሙያዎች ዕውቀት ነው። በሻንጣ እንኳ ብዙ ያልያዙ ሰዎች በእጃቸውና በትንፋሻቸው ያለውን ሙያ ይዘው መጥተው እዚያ ተከሉት። የእነርሱ ሥራ ገበያ ላይ በሌላ አገር ስም ሲሸጥ ዝም ማለት ትክክል አይመስለኝም። የፉርት ከተማው መብራት ሠሪ ዶሪያም መነሣት ያለበት ስም ነው፤ በ1960ዎቹ ከብዙ የመስታወት ቱቦዎች የሚገጠሙት መብራቶቹ ይታወቃሉ።

ታዲያ ስም ሳይኖር እንዴት ይለያል? የፋብሪካው ምልክት አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ነበር፤ አንድ ሁለቴ ሲታጠብ ይነሣል። ስለዚህ መታየት ያለበት አሠራሩ ነው። ቅልጡ እስከ 1400 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ይዘጋጃል፤ ሲነፋ ከዚያ ቀዝቀዝ ብሎ እንደ ማር ሲወፍር ነው። ነፊው በረዥም የብረት ቱቦ ጫፍ ጥቂት ያወጣና አድበልብሎ ይነፋል፤ ከዚያ በላዩ ሌላ ንብርብር ያነሣል። ጥሩው ነጭ መብራት ሦስት ንብርብር አለው፦ ከውስጥ ጥርት ያለ፣ መካከሉ ወተት የመሰለ ኦፓል፣ ከውጭ እንደገና ጥርት ያለ። ከዚያ ውኃ ጠጥቶ በረጠበ የእንጨት ፎርማ ውስጥ እያሽከረከረ ይነፋዋል። ከእንጨቱ የሚወጣው እንፋሎት በመስታወቱና በፎርማው መካከል ስለሚገባ መስታወቱ እንጨቱን ሳይነካ ይለሰልሳል። ከፎርማው ሲወጣ 500 ዲግሪ አካባቢ ካለ ምድጃ ጀምሮ ለሰዓታት ቀስ እያለ ይቀዘቅዛል፤ ይህ ካልተሠራበት መስታወቱ ውስጡ ታፍኖ ይቀርና አንድ ቀን ያለ ምክንያት ይፈነዳል። በመጨረሻ ከቱቦው ጋር የነበረው ቆብ ይቆረጥና አፉ ይሞረዳል።

ይህን ካወቃችሁ መብራቱን ስትገዙ የምትመለከቱት አንገቱን ነው። ሻጩ ብረቱን እንዲያወልቅላችሁ ጠይቁና የመስታወቱን ከንፈር ከጎን አጥብቃችሁ እዩ። እንደ ሳንድዊች ጥርት፣ ነጭ፣ ጥርት ብሎ ከታየ በእጅ የተነፋ ባለ ሦስት ንብርብር ነው። እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ነጭ ከሆነ ርካሽ ዓይነት ነው። ነጩ በጥፍር ሲፋቅ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ቀለም ነው፤ አትግዙት። ውፍረቱ ዙሪያውን በትንሹ መለዋወጡ ጥሩ ምልክት ነው። እያሽከረከሩ የነፉት ለስላሳ ኳስ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ የፎርማ መስመር አይኖርም፤ አግድም የሚዞሩ ቀጫጭን ክቦች ግን በብርሃን ይታያሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። የፎርማ መስመር ያለበት ሁሉ በማሽን የተሠራ አይደለም። ጉብጉብታ ወይም የበረዶ ቅርጽ ያለው መስታወት ፎርማ ውስጥ ሊሽከረከር አይችልም፤ ቢሽከረከር ቅርጹ ይጠፋል። ስለዚህ የሊምቡርግ ወፍራም መብራቶች በአፍ ተነፍተውም መስመር ይኖራቸዋል። የአየር አረፋም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ነው። በመደዳ የተሰለፈ አረፋ የሚገኘው ቅልጡን ሹል ባለው ፎርማ ወግተው በላዩ ሌላ ንብርብር ሲያለብሱት ነው። እንደ አረቄ አረፋ ተበታትኖ የሚታየው ደግሞ ጋዝ የሚያወጣ ነገር በንብርብሮቹ መካከል ገብቶ ነው። ስንጥቅጥቅ ያለው መስታወት የሚሠራው ትኩሱን ለቅጽበት ውኃ ውስጥ ነክረው እንደገና በማሞቅ ነው፤ ስንጥቁ ከውጭ ብቻ ስለ ሆነ ጣት ሲያልፍበት ይሻክራል፣ ከውስጥ ግን ለስላሳ ነው። ከውስጥም ከሻከረ የተሰበረ መብራት ይዛችኋል ማለት ነው።

ጉዳት ለማወቅ መስታወቱን በአንገቱ አንጠልጥላችሁ በጥፍር ቀስ አድርጋችሁ ምቱት። ጤነኛው እንደ ቃጭል ያስተጋባል፤ ስንጥቅ ያለበት ይደነቁራል። ከዚያ የስልክ መብራት ከውስጥ አብሩና ከአንገቱ የሚነሣ ፀጉር የመሰለ መስመር ፈልጉ። የአንገት ስንጥቅ በሙቀት ይረዝማል፤ መድኃኒት የለውም። በብረቱ ሥር የሚሸፈን ትንሽ ጥርስ መሳይ መላጣ ግን ለዋጋ መቀነሻ ከመሆን በቀር አይጎዳም።

አሁን ወደ ዋናው ወደ ሽቦው ልምጣ። በዚህ ነገር ላይ ቸልተኝነት ሕይወት ይወስዳል። ጀርመን ውስጥ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ ቀዩ ሽቦ የመሬት መከላከያ፣ ማለትም ኧርዝ ነበር፤ ግራጫው ኒውትራል (ኃይሉን መላሹ)፣ ጥቁሩ ፌዝ (ኃይል ይዞ የሚመጣው)። አዲስ አበባ ያለ ኤሌክትሪሺያን ግን ቀይ ሽቦ ሲያይ ፌዝ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ያን ቀይ ሽቦ ከፌዝ ጋር ካገናኘው የመብራቱ ብረት በሙሉ 220 ቮልት ይሸከማል፤ አምፖል ለመቀየር እጁን የሰደደ ሰው ይያዛል። ስለዚህ የድሮውን ቀለም ለመተርጎም አትሞክሩ፤ ሽቦውን በሙሉ አውጡና በአዲስ ተኩት፦ ቡናማ ለፌዝ፣ ሰማያዊ ለኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ ለኧርዝ።

ሽቦው ቀለሙ ትክክል ቢሆንም መቀየር አለበት። እነዚህ መብራቶች ለዓመታት 60 ወይም 75 ዋት የሚያቃጥል አምፖል በጠባብ ኳስ ውስጥ ይዘው ኖረዋል። ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ መያዣው ላይ ይታጎራል። ተራ የፕላስቲክ ሽፋን የሚችለው 70 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲደጋገምበት ይደርቅና ሲታጠፍ እንደ ብስኩት ይፈረፈራል። ለውስጡ 180 ዲግሪ የሚችል የሲሊኮን ሽቦ፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነውን ግዙ። የአምፖል መያዣው ከሸክላ ከሆነና ካልተሰነጠቀ ይታጠብና ይቆያል፤ ከጥቁር ባከላይት (ከድሮው ደረቅ ፕላስቲክ) ከሆነ ግን ዙሪያውን ስንጥቅ ፈልጉ፤ ካያችሁ በአዲስ ባለ 27 ሚሊ ሜትር ጥርስ መያዣ ተኩት። መያዣው ውስጥ ያለችው የመካከል ምላስ ተጠፍጥፋ ከሆነ አምፖሉን በደንብ ስለማትነካ ትንጫጫለች፣ ትሞቃለች፤ ኃይሉን አጥፍታችሁ በትንሽ ካቻቢቴ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ አንሷት።

ስትገጥሙ ፌዙ ወደ መካከለኛዋ ምላስ፣ ኒውትራሉ ወደ ጥርሱ ይሂድ። ቢገለበጥም አምፖሉ ይበራል፤ ችግሩ የሚመጣው አምፖሉን ስታስገቡ በጣት የሚነካው ጥርስ ፌዝ ሆኖ ሲጠብቃችሁ ነው። የሚነካ ብረት ያለው መብራት ሁሉ፣ ኮርኒስ ላይ ያለውን ቆቡን ጨምሮ፣ ከኧርዝ ጋር ይገናኝ። የሽቦውን ቀጫጭን ክሮች ጫፍ በእርሳስ አትበይዱ፤ ብየዳው በብሎን ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይፈሳል፣ ብሎኑ ይላላል፣ ከዚያ ይሞቃል። የብረት ቀለበት አልብሶ መጭመቅ ነው የሚሻለው። ገመዱ ከመያዣው በላይ በመቆንጠጫ መያዝ አለበት፤ ክብደቱ በሁለቱ ትንንሽ ብሎኖች ላይ ከዋለ አንድ ቀን ይመዘዛል። ሳትሰቅሉት በቴስተር ፈትሹት፦ ከፌዙ ጫፍ እስከ ምላሷ መጮህ አለበት፤ ከፌዙ እስከ ብረቱ መጮህ የለበትም።

አሮጌ መብራት ስትፈቱ በቆቡ ሥር ወይም በሽቦው ዙሪያ ግራጫ ነጭ፣ ቃጫ የበዛበት ጨርቅ መሳይ ነገር ካገኛችሁ አትቅደዱት፣ አትፋቁት። በአንዳንዶቹ ውስጥ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባ የሚጎዳው ቃጫ ነው፤ ጀርመን ያገደችው በ1993 ነው። አርጥባችሁ፣ በሁለት የፕላስቲክ ከረጢት ደራርባችሁ አስራችሁ ለሚመለከተው አስረክቡ። ደማቅ ብርቱካናማና ቀይ መስታወትም ብዙ ጊዜ ቀለሙን ያገኘው ከካድሚየም ነው። መስታወቱ በራሱ አይጎዳም፤ ቀዳዳውን ለማስፋት በትራፓኖ ስትበሱት የሚወጣው ዱቄት ነው አደገኛው። አትብሱት፤ ቀዳዳው ካልገጠመ ብረቱን ቀይሩ።

ክብደቱንም በግምት አትተዉት። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኳስ ሁለት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ አራት ኪሎ ይደርሳል። የጀርመን ደንብ መስቀያው የመብራቱን አምስት እጥፍ ክብደት እንዲችል፣ ያም ቢሆን ከ10 ኪሎ እንዳያንስ ያዛል። ቀጭን የኮርኒስ ቺፑድ ላይ የተመታ ብሎን ይህን አይችልም፤ ከበላዩ ያለውን የእንጨት ማገር ወይም ሶሌታውን ፈልጋችሁ በተገቢው ፊሸር ያዙት። ከሦስት ኪሎ በላይ ለሚመዝን መብራት ገመዱን አትመኑ፤ ሰንሰለት ወይም ቀጭን የብረት ሽቦ ይሸከመው፣ ገመዱ ላላ ብሎ ጎኑን ይከተል።

አንገቱን የሚይዙት ሦስት ብሎኖች ብዙ መስታወት ፈጅተዋል። ነሐስ ሲሞቅ ከመስታወት በእጥፍ ያህል ይለጠጣል። ብሎኖቹን በፒንሳ ካጠበቃችኋቸው መስታወቱ መንቀሳቀሻ ያጣና ከአንገቱ ይሰነጠቃል፤ ሰዉ ግን አምፖሉን ይከስሳል። በእያንዳንዱ ብሎን ጫፍ ትንሽ የሲሊኮን ላስቲክ አድርጉ፤ ሦስቱን በየተራ በጣት ብቻ አጥብቁ፤ ሲነካ ሩብ ዙር መልሱ። መስታወቱ በትንሹ መዞር መቻል አለበት፣ መውለቅ ግን የለበትም።

ለአምፖሉ 7 ወይም 8 ዋት ኤልኢዲ የድሮውን 60 ዋት ይተካል። 2700 ኬልቪን የሆነውን፣ ማለትም ሞቅ ያለ ቢጫማ ብርሃን የሚሰጠውን ምረጡ፤ ነጭ ብርሃን የኦፓሉን ወተት ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ቡናማውንም መስታወት ያቆሽሸዋል። ኳሱ ዝግ ከሆነ ለዝግ መብራት ይሆናል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ግዙ፤ ያለዚያ ሙቀቱ በአምፖሉ ሥር ያለውን ኤሌክትሮኒክስ በወራት ያቃጥለዋል። የጀርመን መብራት በኢትዮጵያም በእስራኤልም ኃይል ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል። አሜሪካ ላላችሁ ግን ኃይሉ 120 ቮልት ስለ ሆነ አምፖሉም መያዣውም የአገሩ መሆን አለበት፤ ለቤት ኢንሹራንስም ይጠቅማችኋል።

ስለ እጥበቱ ብዙ አልልም። ሁሉንም ብረት አውልቁ፤ ገንዳው ሥር ፎጣ አንጥፉ፤ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት የዕቃ ሳሙና ይበቃል። ከፍሪጅ እንደ ወጣ የቀዘቀዘን መስታወት በፈላ ውኃ አታስደንግጡ። የሲጋራ ቡናማ ለብ ባለ ውኃ ላይ አንድ ማንኪያ የልብስ ሶዳ ጨምራችሁ ሩብ ሰዓት ብትዘፈዝፉት ይለቃል፤ የአሉሚኒየም ክፍል ግን ሶዳው ስለሚበላው አይግባ። በአሲድ የደበዘዘ ማት መስታወት የጣት ቅባት ይመጥጣል፤ ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ያዙት። በብርጭቆ ወረቀት ወይም በብረት ፍቅፋቂ የነካው ሰው አበላሽቶታል፤ አይመለስም።

ለምትልኩ ደግሞ፦ አምፖሉንና ብረቱን ለየብቻ ጠቅልሉ፤ መስታወቱ ውስጥ ምንም ከባድ ነገር አትተዉ። ውስጡን በተጨማደደ ወረቀት ላላ አድርጋችሁ ሙሉ፤ ጥቅጥቅ ካደረጋችሁት ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንገቱን ለብቻው በወፍራም ካርቶን ክበቡ፤ ቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። ከዚያ በትንሹ ካርቶን አስገብታችሁ ያንን በትልቁ ውስጥ አኑሩት፤ በሁለቱ መካከል በስድስቱም ወገን ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ማለስለሻ ይኑር። ካርቶኑን ነቅንቁት፤ አንዳች ድምፅ ከተሰማ እንደገና ክፈቱት።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ ቤት ዕቃ በምታትሙት ገጽ ላይ የእንዲህ ያለ መብራት ፎቶ ስታወጡ ሠሪው ከታወቀ ስሙን ከከተማው ጋር ጻፉልን፤ ዱረን ከሆነ ዱረን፣ ሊምቡርግ ከሆነ ሊምቡርግ። ካልታወቀም «በእጅ የተነፋ የጀርመን መስታወት» ብላችሁ ተዉት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከጀርመን